የእናቴን የቆየ ጽጌረዳ ከሥሩ ከፍዬ ማዛወር እፈልጋለሁ፣ ምከሩኝ

የሰሚቷ | ግንቦት 14

ሰላም ለሁላችሁ። ጉለሌ ያለው የእናቴ ግቢ ተሸጧል። ገዢው የሚረከበው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ እናቴ የተከለችው ጽጌረዳ አለ። በዕድሜ ይበልጠኛል። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ አበባው ድርብርብ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሽታው መንገድ ድረስ ይወጣል። ቁመቱ ከአጥሩ በልጧል። ሥሩ አካባቢ ደግሞ በጣም ሰፍቷል።

ሙሉውን ነቅዬ መውሰድ አልችልም። ስለዚህ ከጎኑ ከፍዬ ሰሚት ወዳለው ቤቴ ልወስድ አስቤያለሁ። ዙሪያውን ከመሬት የወጡ አዳዲስ ግንዶች አሉት። አንዳንዶቹ ከዋናው ክንድ ያህል ራቅ ብለው ነው የበቀሉት።

ከሥሩ ከፍሎ መትከል ይሆናል ወይ? መቼ ይሻላል? የሰሚት አፈር ጥቁር ነው፤ ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እዚያ ይይዛል? አንድ የማውቀው ሰው «ምን አደከመሽ፣ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ሰኪ» ብሎኛል። እኔ ግን እናቴ የነካችውን ግንድ ራሱን ብወስድ ደስ ይለኛል።

የግቢ አትክልተኛ

ልጄ፣ ይሆናል። አካፋ ከማንሳትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሪ። ጽጌረዳው በገዛ ሥሩ የቆመ ነው ወይስ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጣብቆ የተዳቀለ? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ግንዱ ከአፈር የሚገናኝበትን ቦታ ጥረጊ። በዶማ አይደለም፤ በእጅሽና በትንሽ መኮትኮቻ። ስንዝር ያህል ውረጂ። እዚያ ጉልህ እብጠት ካለና ቅርንጫፎቹ በሙሉ ከእብጠቱ የሚነሱ ከሆነ ተዳቅሏል ማለት ነው። ከእብጠቱ በታች የሚወጣው ቡቃያ የእናትሽ ጽጌረዳ አይደለም፣ የተሸካሚው ሥር ነው። ለፍተሽ ብትተክዪው የማታውቂው አበባ ይወጣልሻል።

እብጠት ከሌለ፣ ግንዶቹም ከመሬት ውስጥ በየአቅጣጫው የሚወጡ ከሆነ፣ ቅጠላቸውን፣ እሾሃቸውንና አበባቸውን ከዋናው ጋር አስተያዪ። አንድ ከሆኑ ጽጌረዳው በገዛ ሥሩ ነው። ከሥር የወጣው እያንዳንዱ ግንድ ራሱን የቻለ የእናትሽ ጽጌረዳ ነው።

በድሮ ጊዜ ሰው ከጎረቤት ቆርጦ ነበር የሚተክለው። ቆርጦ የተተከለ ደግሞ በገዛ ሥሩ ነው የሚያድገው። እኔ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሆለታ ልጅ

አበባ እርሻ ነው የምሠራው። ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እርሻ ላይ ያለው ጽጌረዳ አብዛኛው የተዳቀለ ነው። ለሥር በብዛት የምንጠቀመው ናታል ብራየር የሚባለውን ዝርያ ነው፤ ገበያ የሚፈልገው አበባ ላዩ ላይ ይጣበቅበታል። ስለዚህ ከእርሻ የወጣ ወይም ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ ጽጌረዳ ያላችሁ ሰዎች ከሥር የወጣውን ሁሉ አትመኑ። የሰሚቷ ግን፣ የአንቺ ጽጌረዳ በአገራችን የአበባ እርሻ ከመስፋፋቱ ከ1990ዎቹ በፊት የተተከለ ከሆነ ከዚህ የመጣ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሰባት ቅጠል ካለው የሥሩ ነው፣ አምስት ካለው የላዩ ነው» የሚባል ወሬ አለ። አትቀበሉት። ሰባት ሰባት ቅጠል የሚያወጡ ጥሩ ጥሩ የድሮ ጽጌረዳዎች ሞልተዋል። ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይሻላል፤ ከተቻለ ደግሞ እስኪያብብ መጠበቅ።

ገነት ከሜሪላንድ

እዚህ አሜሪካ ይህ ችግር በየግቢው አለ። ሰው ቢጫ ወይም ነጭ ጽጌረዳ ገዝቶ ይተክላል። ከዓመታት በኋላ «ቀለሙን ቀየረ» ይላል። የተቀየረ ነገር የለም። ላይኛው በብርድ ሞቶ ሥሩ ነው ያበበው። እዚህ ለሥር በብዛት የሚሠራበት ዶክተር ሂዊ የሚባለው ስለሆነ የሚወጣው ጥቁር ቀይ አበባ ነው።

ግን ደግሞ ተዳቅሎ ጠለቅ ብሎ የተተከለ ጽጌረዳ ከእብጠቱ በላይ የራሱን ሥር ሊያወጣ ይችላል። በተለይ ብዙ ዘመን ከቆየ። ስለዚህ እብጠት ብታገኚም ወዲያው ተስፋ አትቁረጪ። ሥሩ የተነሳው ከእብጠቱ በላይ ነው ወይስ በታች? እሱን እዪ።

ስለ ጊዜው፣ እኔ የማዛውረው መጋቢት ላይ ነው፣ ቡቃያው ሳይፈነዳ፣ ተክሉ ገና ተኝቶ እያለ። የእናንተ አገር ጽጌረዳ ግን አይተኛም። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር አብዛኛው በረዶ ላለበት አገር የተጻፈ ስለሆነ ወሩን እንዳለ አትቅጂ።

የግቢ አትክልተኛ

ገነት ጥሩ አነሳሽ። አዲስ አበባ ላይ ተክሉ ስለማይተኛ እኛ ነን ሥራውን የምናቀልለት። ሥር ሲቆረጥ የሚጠጣው ውኃ ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ግን ማትነኑን አያቆምም። ተዛውሮ የሚሞት ጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በዚህ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ቅጠሉን መቀነስና ሰማዩ ዳመና የሆነበትን ጊዜ መምረጥ። ዳመናው ሰኔና ሐምሌ ላይ በነፃ ይመጣልሻል።

ገዢው እስከ ጥቅምት ከታገሠሽ በሁለት ጊዜ ሥሪው። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

አሁን ግንቦት ላይ፣ መውሰድ የምትፈልጊውን ግንድ ምረጪ። ከዋናው ራቅ ብሎ የበቀለ፣ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ያለው፣ ጤነኛ። በዋናውና በእሱ መካከል አካፋውን ቀጥ አድርገሽ አስገቢና የሚያገናኛቸውን ሥር ቁረጪ። ወፍራም ከሆነ አፈሩን ጠርገሽ በመጋዝ ቁረጪው። ከዚያ አታንሺው። እዚያው ይቆይ። ቅርንጫፉን ወደ ግማሽ አሳጥሪ፣ አጠጪ፣ ተዪው። ከእናቱ የሚያገኘው ስለተቋረጠ የራሱን ቀጫጭን ሥሮች ለማብዛት ይገደዳል።

ሐምሌ ላይ ታነሺዋለሽ። በዋዜማው ዝናብ ካልዘነበ በደንብ አጠጪ። ከግንዱ ስንዝር ተኩል ርቀሽ ዙሪያውን ቁረጪ። ከሥሩ ገብተሽ ከነአፈሩ አንሺው። ግንዱን ይዘሽ አትጎትቺ፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች የሚበጠሱት ያኔ ነው፣ ውኃ የሚጠጡት ደግሞ እነሱ ናቸው። እርጥብ ጆንያ ላይ አስቀምጠሽ ጠቅልዪው። ቅርንጫፎቹን ከመሬት ሁለት ስንዝር ገደማ አስቀርተሽ ቁረጪ፣ የቀረውን ቅጠልም አራግፊ። ስታዪው ያሳዝንሻል። አይዞሽ፣ ቁረጪ።

በዚያው ቀን ትከዪው። ጉድጓዱ ቀድሞ የተቆፈረ ይሁን።

ዳግም

እኔ የማውቀው ከሥሩ ላይ ማር ወይም እሬት ቀብቶ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የላም ፍግ ሞልቶ መትከል ነው። አያቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

የሆለታ ልጅ

ዳግም፣ ማርና እሬቱ አይጎዳም፤ ሥር ላለው ክፋይ ግን ያን ያህል አያስፈልገውም። ፍጉ ላይ ግን ልከራከርህ። የቆየና አፈር የሆነ ፍግ ከሆነ ጥሩ ነው። ትኩስ ፍግ ግን የተቆረጠ ሥር ያቃጥላል። አያትህም ከበረት ጥግ የቆየውን ይሆናል የሚያመጡት። ዩሪያና ዳፕም እንደዚያው ነው፤ አዲስ ቅጠል በደንብ እስኪያወጣ ድረስ ምንም አይጨመርበት። አመድም አትጨምሩ። ጽጌረዳ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የሚወደው፣ አመድ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል።

ዳግም

እውነትህን ነው፣ አያቴ የምታመጣው ደርቆ የተፈረፈረውን ነበር። አመሰግናለሁ።

የሰሚቷ | ግንቦት 19

ዛሬ ጉለሌ ሄጄ ነበር። ጋሼ እንዳሉኝ በእጄ ጠረግሁ። የረገፈው ቅጠል ብቻ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ከሥሩ ያለው አፈር ቀይና ልም ነው። እብጠት የለም። መሃል ላይ ሦስት ወፋፍራም ግራጫ ግንዶች አሉ፣ ልጣጫቸው ተሰነጣጥቋል። አንደኛው ደርቋል፣ ስነካው ተፈረፈረ። ከእነሱ ሥር ጣት የሚያህል ቡናማ ሥር ወደ ጎን ተዘርግቶ ይሄዳል። ተከትዬው ስሄድ ሌላ ግንድ ላይ ወጣ። እዚያ ላይ ቀያይ ቀንበጦች አሉ፣ ከሥራቸውም እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ሥሮች። ቅጠሉን ከዋናው አጠገብ አድርጌ አየሁት፣ ምንም ልዩነት የለውም። አንዱ ጎን ላይ አብቦ ስለነበር አሸተትኩት። ራሱ ነው።

አንድ ያሳሰበኝ ነገር አለ። ከግራጫዎቹ ግንዶች አንዱ ላይ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ጉብታ አለ። ፎቶውን ለጥፌያለሁ። በሽታ ይሆን?

የሆለታ ልጅ

ፎቶውን አየሁት። ጉብታው ጠንካራ ነው፣ ልጣጩም ከግንዱ ልጣጭ ጋር የተያያዘ ነው። በተደጋጋሚ ከአንድ ቦታ ሲቆረጥ የሚፈጠር ጠባሳ ይመስለኛል። አታስቢ።

የምንፈራው ሌላ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ ዕጢ አለ፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ላይ ይወጣል። የአበባ ጎመን ይመስላል፤ ሻካራ ነው፣ ትኩስ ሲሆን ለስለስ ይላል፣ ሲያረጅ ይጠቁርና ይፈረፈራል። ያ ካለ ከዚያ ተክል ምንም አይከፈልም። ባክቴሪያው በቁስል ነው የሚገባው፣ አፈር ውስጥም ይቆያል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ደግሞ መቀስና መጋዝ ናቸው። ስለዚህ ከመቁረጥሽ በፊት መሣሪያውን በአልኮል ጥረጊ። በረኪና ከተጠቀምሽ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው፣ ብረቱን ይበላዋል።

የግቢ አትክልተኛ

እንኳን ደስ አለሽ፣ በገዛ ሥሩ ነው። የደረቀውን ግራጫ ግንድ ከመሬት ቁረጪና አስወግጂው። ለመክፈል የሚሻለው ያረጀው መሃል ሳይሆን ዳር ያለው ነው። መሃሉ እንጨት ብቻ ነው፣ ቀጭን ሥር የለውም። እናትሽ የነካችውን ግንድ ማለትሽን አንብቤዋለሁ። ግን ዳር ያለውም ከዚያው አንድ ተክል ነው፣ ዕድሜው ብቻ ነው የሚለየው።

ገነት ከሜሪላንድ

ጋሼ፣ በአክብሮት አንድ ቦታ ላይ እለያለሁ። ሁለት ጊዜ ማድረጉ ጥሩ ነው፣ ግን ግዴታ አይደለም። ክፋዩ የራሱ ብዙ ቀጭን ሥር ካለው በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ቢነሳም ይይዛል። እኔ ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ ነው የማነሳው።

የግቢ አትክልተኛ

ልጄ፣ አንቺ የምታነሺው ቅጠል የሌለውን ነው። እዚህ ቅጠል እያለው ነው። እሷ ደግሞ ሌላ ጽጌረዳ የላትም። ጊዜ ካለ ለምን ትቸኩል?

ገነት ከሜሪላንድ

እሱስ እውነት ነው። ግን አንድ ዋስትና ትጨምር። ከላይ የሚቆረጠው ቅርንጫፍ አይጣል። አብቦ ከጨረሰ ቅርንጫፍ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለውን፣ ስንዝር የሚያህለውን ምረጪ። ከታች ከአንጓ ሥር ቁረጪ፣ ከላይ አንድ ቅጠል ብቻ አስቀሪ። አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ሰክተሽ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጪ። እዚህ በመስታወት ማሰሮ ነው የምንደፍነው። እዚያ በምን ነው የሚሸፈነው?

የሆለታ ልጅ

በሃይላንድ ነዋ። ቂጡን ቆርጦ መድፋት። ክዳኑን ቀን ቀን ከፈት ማድረግ፣ ካልሆነ ውስጡ ይሻግታል።

ሌላ ምክር፦ ከላይ ቅጠል አወጣ ብለሽ ነቅለሽ እንዳታዪው። ቁራጩ ውስጡ ባለው ምግብ ብቻ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፣ ሥር ግን ገና ላይኖረው ይችላል። ቀስ ብለሽ ስትነኪው አልነቃነቅ ካለ ያኔ ሥር ይዟል።

የሰሚቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የሰሚትን ጥቁር አፈር ግን ማንም አልነገረኝም።

የግቢ አትክልተኛ

አልረሳሁትም። ጥቁር አፈር ላይ የሚገድለው ድህነቱ አይደለም፤ ምግብስ አለው። የሚገድለው ውኃው ነው። ጉድጓድ ቆፍረሽ ውኃ ሙዪበት። በማግስቱ ውኃው እዚያው ካለ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጽጌረዳ አትትከዪ። ብዙ ሰው ጠለቅ አድርጎ ቆፍሮ ውስጡን ጥሩ አፈር ይሞላዋል። ዙሪያው ጭቃ ስለሆነ የክረምቱ ውኃ ሁሉ ወደዚያ ገብቶ ይተኛል፣ ሥሩም ይበሰብሳል።

ከመሬት በላይ ሥሪ። ድንጋይ ወይም ብሎኬት ደርድረሽ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ አድርጊ። ከታች ያለውን ጥቁር አፈር በዶማ ነቅንቂው እንጂ አታውጪው። ላዩ ላይ ቀይ አፈርና የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለሽ ሙዪ፣ ሁለት እጅ አፈር ለአንድ እጅ ኮምፖስት። የጣሪያ ውኃ የሚወርድበት ቦታ አይሁን። ፀሐይ የግማሽ ቀን ከሆነ የጠዋቱ ይሻላል፣ ቅጠሉ ቶሎ ስለሚደርቅ በሽታው ይቀንሳል። ቦታው ላይ ሌላ ጽጌረዳ ነቅለሽ ከሆነ ግን ወይ ቦታ ቀይሪ ወይ አፈሩን ቀይሪ። አሮጌ ጽጌረዳ በነበረበት አፈር ላይ አዲሱ አያምርበትም።

ከተከልሽው በኋላ ግንዱ ሥር የደረቀ ሳር ጎዝጉዢ፣ ግንዱን እንዳይነካ። የመጀመሪያዎቹን እንቡጦች ቀንጥሺያቸው። ይከብድሻል፣ ግን ጉልበቱ ወደ ሥር ይሂድ።

መምህር ከደብረ ብርሃን

ዘግይቼ መጣሁ። ከሥር እየወጡ የሚስፋፉ የድሮ ጽጌረዳዎች ሲነሱ አንድ ታሪክ ማንሳት እወዳለሁ። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከትግራይ የመጣች ፈዛዛ ሮዝ፣ ነጠላ አበባ ያላት ጽጌረዳ ገልጾ «ሮዛ ሳንክታ» ብሎ ሰይሟታል፣ ቅድስት ጽጌረዳ ማለቱ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነበር የምትተከለው። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ፍሊንደርስ ፔትሪ ግብፅ ፋዩም አጠገብ ሃዋራ በሚባል የመቃብር ቦታ የጽጌረዳ አክሊሎች አገኘ፣ የዕፅዋት ሊቃውንትም ከዚህችው ጽጌረዳ ጋር አመሳሰሏቸው። ዛሬ ሮዛ ሪቻርዲ ትባላለች። ከወላጆቿ አንዷ ጋሊካ የምትባለው ናት፤ ጋሊካ ደግሞ በገዛ ሥሯ ከቆመች ከሥር እየወጣች መስፋፋት የታወቀ ጠባይዋ ነው።

ይህን የማነሳው በየደብሩና በየሽማግሌው ግቢ ስም የማናውቃቸው የቆዩ ጽጌረዳዎች ስላሉ ነው። ግቢ ሲሸጥ፣ ቤት ሲፈርስ አብረው ይጠፋሉ። የእኛ አገር በቀል ቀጋ በየጫካው ዳር አለ፣ በዘሩም ይራባል። እነዚህ ግን ሰው ካልከፈላቸው የሚያስቀጥላቸው የለም። የሰሚቷ፣ ከተቻለሽ አንድ ክፋይ ለሌላ ሰው ስጪ። በአንድ ግቢ ብቻ አይቅር።

የሰሚቷ | ጥቅምት 3

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። ዜና ይዤ መጣሁ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሥሩን ቆረጥኩ፣ ሐምሌ ላይ አነሳሁ። ስናነሳው የነበረው የቀጫጭን ሥር ብዛት ራሱ ተስፋ ሰጠኝ፤ አፈሩን አቅፎ ነበር የወጣው። ትልቁ ክፋይ ይዟል። ነሐሴ ውስጥ ዝም ብሎ ከረመ፣ ከዚያ መስከረም ላይ ከታች ቀያይ ቀንበጦች አወጣ። እንቡጥም ሞክሮ ነበር፣ ቀነጠስኩት። ትንሹ ክፋይ ግን ጠቁሮ ቀረ፤ ሥሩም ትንሽ ነበር። በሃይላንድ ከደፋኋቸው ቁራጮች የያዙ አሉ። መምህር እንዳሉት አንዱን ለአክስቴ ወስጃለሁ፣ አንዱን ደግሞ ለገዢው ሚስት። እሷ ዋናውንም እንደማታስነቅለው ነግራኛለች።

አዲስ ገቢ

ውይይቱን ሙሉውን አነበብኩት። እኔም የአያቴ ጽጌረዳ አለኝ፣ ግን ቦታውን በኅዳር መልቀቅ አለብኝ። ሰኔን መጠበቅ አልችልም። አሁን ጥቅምት ላይ ማንሳት ይቻላል?

መምህር ከደብረ ብርሃን

የት ነህ? እኛ ጋ ከሆነ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ አለው። ለስላሳ ቀንበጥ አይተርፍም።

አዲስ ገቢ

አዲስ አበባ ነኝ፣ ኮልፌ።

የግቢ አትክልተኛ

ኮልፌ ከሆነ ይቻላል፣ ጥበቃው ግን ይበዛብሃል። በመጀመሪያ እብጠት እንዳለውና እንደሌለው እይ። በገዛ ሥሩ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትል ሥሩን ቁረጥና እዚያው ተወው፣ እስከ ኅዳር መግቢያ ትንሽም ብትሆን ጊዜ ያገኛል። ስታነሳው ወደ ማታ ይሁን። ዝናብ ስለማይኖር ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ወይም ባልዲ ውስጥ ትከለው፣ ባልዲው ከታች ይበሳ። ጥላ ውስጥ አስቀምጠው፣ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ከትተህ ደረቅ ሲሆን ብቻ አጠጣ። መሬት ላይ የምታወርደው ሰኔ ሲገባ ነው። ከላይ የቆረጥከውንም በሃይላንድ ድፋው።